በነጠላ ሥር የመጣው ኬብል

ይህ የደረሰብኝ ዓምና የዳስ በዓል አልፎ ብርዱ ሲጀማምር ነው። የምጽፈው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ጓደኛዬ ዘርፌ ይህን ነገር በየሄደችበት ጨው በርበሬ እየጨመረች ስለምታወራው፣ እውነቱን ራሴው ልናገር ብዬ ነው። ሁለተኛው ለመናገርም ይከብደኛል፤ እንደምንም እሞክራለሁ።

የምኖረው አሽቀሎን ከተማ፣ ግቫት ጺዮን ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻዬን ነው። ባለቤቴ ካረፈ ቆይቷል። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የሰው ሽማግሌ ስጦር፣ ሳጥብ፣ ሳጎርስ ኖሬያለሁ። አሁን የቀረኝ ራሴን ማጉረስ ብቻ ነው፤ እሱም አንዳንዴ ይታክተኛል። አንዲት ልጅ አለችኝ። ሰሜን ነው ያለችው፣ ሥራ አላት፣ ልጆች አሏት። ዓርብ ዓርብ ሰንበት ሳይገባ ትደውላለች። "ኢማ፣ ሃኮል ቤሴዴር?" ትለኛለች፤ እማ፣ ሁሉ ደህና ነው ወይ ማለቷ ነው። "ቤሴዴር" እላታለሁ። በዚሁ ያልቃል።

ስሜ ማንጠግቦሽ ነው። እኛ የኢትዮጵያ አይሁዶች እዚህ አገር ስንገባ፣ ስም የምትመዘግበው ልጅ ማንጠግቦሽ ማለት አቃታትና "ማዛል" ብላ ጻፈችኝ። ለክሊኒኩ ማዛል ነኝ፣ ለባንኩ ማዛል ነኝ፣ ለጎረቤት ማዛል ነኝ። የአገሬ ሰዎች ማንጠግቦሽ ይሉኛል። "ማንጤ" ብሎ የሚጠራኝ ግን በዚህ ዓለም አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረው፤ ጎንደር ያለው ታላቅ ወንድሜ አድማሱ። እኔ ወንድምዓለም ነው የምለው። እኛ በአዲስ አበባ በኩል ስንመጣ፣ እሱ የታመመ አባታችንን ልጡር ብሎ ወደ ኋላ ቀረ። እከተላችኋለሁ ያለው ሰው ሳይከተል ይኸው ሽማግሌ ሆነ። እሱ የሄደ ቀን ማንጤ የምትባለዋም አብራው ትሄዳለች።

ወንድሜ የራሱ ስልክ የለውም። በልጁ በያየህ ስልክ ነው በቪዲዮ የምንገናኘው። ችግሩ የእኔ ዓይን ነው። ሞራ ጋርዶት፣ በዚያች ትንሽ መስታወት ላይ ወንድሜን ከበር መቃን አልለየውም። "አየሽኝ?" ይለኛል። "አየሁህ" እለዋለሁ። ውሸቴን ነው።

ልጄ ይህን ስትሰማ ግድግዳ የሚያህል ቴሌቪዥን ገዛችልኝ። ከሥሩ የሚቀመጥ ረዥም የድምፅ ማጉያም ጨመረች። ከባሏ ጋር መጥተው ሰቀሉት። የልጇን አሮጌ ኮምፒውተር ደግሞ፣ ካሜራው እኔን እንዲያይ፣ ከሶፋው ፊት ጠረጴዛ ላይ አደረጉልኝ። "ኢማ፣ የጎደለው ምስሉን ከኮምፒውተሩ ወደ ቴሌቪዥኑ የሚወስደው ኤችዲኤምአይ ኬብል ብቻ ነው። ያመጣነው አጠረ፤ ረዥም ግዢ" አለችኝና የልጆቿ ትምህርት ቤት አለ ብላ ሄደች። ያን ሁሉ መንገድ መጥታ ለአንድ ገመድ ጊዜ አጣች። ተቀየምኩ። ግን እናት መቼ ትናገራለች።

በማግስቱ ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያው አካባቢ አንድ ሱቅ ገባሁ። ኬብል መግዛት ጨው እንደመግዛት መስሎኝ ነበር። ወይ ጉድ! ግድግዳው ሙሉ ኬብል ነው። ቀጭኑ፣ ወፍራሙ፣ ጠፍጣፋው፣ ጨርቅ የለበሰው፣ አፉ ወርቅ የተቀባው። ሻጩ በዕብራይስጥ "ማሳኹ ስንት ኬ ነው? አራት ኬ ነው?" ይለኛል። ማሳኽ የሚለው የቴሌቪዥኑን መስታወት ነው። "ግድግዳ ያህላል" አልኩት። ሳቀብኝ። እኔም ሳቅኩበት፤ ምን አደርጋለሁ።

በራሴ ዘዴ መረጥኩ። እኛ አገር ገመድ የሚመረጠው በእጅ ተዳስሶ ነው፤ ወፈር ያለ ጭነት ይችላል። ጨርቅ የለበሰውን፣ ባለወርቁን ወፍራም አንስቼ ወጣሁ። ቤት ወስጄ ብዘረጋው በሩ ጋ ሲደርስ አለቀ። ለካስ ገመዱ በቀጥታ አይሄድም፤ በግድግዳው ሥር ዞሮ የበሩን መቃን መሻገር አለበት። ያን ማን አሰበ። መልሼ ወሰድኩት።

ሁለተኛውን ረዥም ነው ብዬ ወሰድኩ፤ ቀጭን ነው እንጂ ርዝመቱስ ደህና ነበር። ልጄን በስልክ እየጠየቅኩ ሰካሁት። ከዚያ በኮምፒውተሩ ደወለችልኝና ፊቷ ግድግዳው ላይ ቦግ አለ። ደስታዬን አልችለው አልኩ። ወዲያው ድርግም! እንደገና ቦግ፣ እንደገና ድርግም። ልጄን በቁራጭ አየኋት፤ ዓይኗን አየሁ፣ ጠፋች፣ አገጯን አየሁ፣ ጠፋች። "ኢማ፣ ተይው፤ ለሐኑካ ስመጣ አየዋለሁ" አለችኝ። የሐኑካ በዓል ደግሞ ሩቅ ነበር።

በዚህ መሀል የወንድሜ ድምፅ ጠፋ።

የያየህ ስልክ አይነሳም። መጀመሪያ ኔትወርክ ነው አልኩ። ቀኑ እየበዛ ሲሄድ ግን ፈራሁ። ለመጨረሻ ጊዜ ስናወራ ደረቱን እያመመው ነበር። ጎንደር ዘመድ ያለውን ሁሉ ጠየቅኩ። ሁሉም "ደህና ነው" ይለኛል።

ይህ "ደህና ነው" የሚሉት ነገር ነው የጨረሰኝ። የእኛን ልማድ የሚያውቅ ይረዳኛል። በእኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ለቅርብ ዘመዱ በስልክ አይነገርም። አገር ምድሩ ሰምቶ፣ የሟች እህት ብቻ አትሰማም። ብትጠይቅ "ደህና ነው፣ ትንሽ አሞት ነበር" ትባላለች። ከዚያ አንድ ቀን በማለዳ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ሽማግሌዎች ነጭ ለብሰው በሯን ያንኳኳሉ። መርዶ ነው። እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ከመርዶ ነጋሪዎች ጋር ሄጃለሁ። ስንቷን ዓይን ዓይኗን እያየሁ "ደህና ነው" ብያታለሁ። እና አሁን ለእኔ ሲሉኝ እንዴት ልመን? ልጄ ያን ቴሌቪዥን የገዛችልኝ ቀድማ ልታጽናናኝ ይሆናል እስከ ማለት ደረስኩ።

አንድ ቀን ቤቱ አላስቀምጥ ቢለኝ በአውቶቡስ ወደ ባሕሩ ዳር፣ ወደ ብሔራዊ ፓርኩ ወረድኩ። ቤተሰብ ሁሉ በየዛፉ ሥር ሥጋ ይጠብሳል፣ ልጆች በድሮው ፍርስራሽ ላይ ይሯሯጣሉ። እኔ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ስልኬን በእጄ ይዣለሁ። አንዲት ሴት መጥታ ከነቤተሰቧ ፎቶ እንዳነሳቸው ጠየቀችኝ። አነሳኋቸው። ሁሉም ተቃቅፈው ሳቁ፤ አመስግነውኝ ሄዱ። ቤት ስመለስ ጨለማው ቀድሞኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን ሞዓዶን ሄድኩ፤ ሞዓዶን እኛ ሽማግሌዎች ቀን ቀን የምንሰባሰብበት ክበብ ነው። ከጋሼ ፈንታሁን አጠገብ ተቀመጥኩ። የዘርፌ ባል ናቸው። ወንድሜን ማንሳት ስለፈራሁ ኬብሉን አማረርኩላቸው።

"ረዥምና ቀጭን ነው?" አሉኝ።

"አዎ፣ ጋሼ።"

"በይ በቃ! እኔም ተቃጥዬበታለሁ። የእነዚህ ትልልቅ ቴሌቪዥኖች ምስል ከባድ ነው። ተራው ኬብል ሲረዝም ምስሉ መንገድ ላይ ይደክማል። ለረዥም መንገድ የሚሆን ሌላ ዓይነት አለ። ልጄ ሳሎኑን ሲቀይር የተረፈው እኔ ጋ ተቀምጧል፤ አመጣልሻለሁ።"

"እግዜር ይስጥልኝ" አልኳቸው። ልቤ ግን እዚያ አልነበረም። ቤቴ ሳልደርስ ረስቼዋለሁ።

ከዚያ በአንዱ ቀን ማለዳ በሬ ተንኳኳ። የእኔ በር ከተንኳኳ ስንት ጊዜው! ቢያንኳኳም ቆጣሪ የሚያይ ሠራተኛ ነው፤ እሱ ደግሞ በማለዳ አይመጣም። ከፈትኩ።

ሦስት ሰዎች ቆመዋል። ከፊት ቄሳችን ናቸው፤ ነጭ ጥምጣማቸውን አድርገው፣ ጃንጥላቸውን ይዘው። ከኋላቸው ጋሼ ፈንታሁን ነጠላቸውን አጣፍተዋል። ከጎናቸው ዘርፌ፣ ነጭ በነጭ ለብሳ፣ ዓይኗ ቀልቶ። ማንም አይስቅም።

"እንዴት አደርሽ ልጄ? እንግባ?" አሉኝ ቄሱ።

ከዚህ በኋላ ያለውን በደንብ የምታውቀው ዘርፌ ናት። "ወንድሜ!" ብዬ ከመሬት ተደባለቅኩ ትላለች። ከዚያ ተነስቼ ነጠላዬን ወገቤ ላይ ታጥቄ ደረቴን መምታት ያዝኩ። "ቆይ፣ ስሚ እንጂ!" ይሉኛል፤ ማን ይሰማል። ሳሎኑን እየዞርኩ ሙሾዬን አወረድኩት።

"አንተ ነህ ወይ ዛሬ በሰው እጅ ያለኸው፣
እኔን በትከሻህ ያን ውኃ ያሻገርከው?

አባት ልጡር ብሎ እዚያው የቀረልኝ፣
የጉዞ ጫማውን ፈቶ ያሰረልኝ።"

በእኛ ሕንፃ ውስጥ ከእኔ በቀር ሙሾ የሚያውቅ የለም። ለቅሶ ግን ቋንቋ አይጠይቅም። በሮች ተከፈቱ። ፊት ለፊቴ የምትኖረው ሱዛን፣ ወላጆቿ ከሞሮኮ የመጡ ናቸው፣ "ማዛል፣ ማን ሞተ?" እያለች ሮጣ ገባች። በዚያ ሁሉ ዓመት ከ"ቦከር ቶቭ"፣ ከእንደምን አደርሽ ያለፈ ተናግረን አናውቅም። "አኽ ሼሊ! ወንድሜ!" አልኳት። አቀፈችኝ። አቅፋኝ ስለማታውቀው ሰው አለቀሰች።

ወዲያው ባሏን ለሺቭዓ፣ ለሰባቱ የሐዘን ቀን የሚሆን ወንበር እንዲያመጣ ላከችው። እሷ ደግሞ በልማዳቸው ሐዘንተኛ የሚቀምሰውን ቅቅል እንቁላል ይዛ ተመለሰች። ከላይ ፎቅ ያሉት ሩሲያውያን ባልና ሚስት ወረዱ፤ ስማቸውን እንኳ አላውቅም ነበር። አንዱ በር ላይ ቆሞ ለሌላው ይናገራል። ቤቴ በአንድ አፍታ ጢም አለ።

ዘርፌ ትከሻዬን ይዛ ነቀነቀችኝ። "አንቺ ሴትዮ፣ ማንም አልሞተም! እኛ ኪርያት ጋት ተዝካር ልንሄድ ነው! አውቶቡሱ ማለዳ ነው፤ መንገዳችን ነው ብለን ኬብልሽን ልናደርስልሽ ነው የመጣን!"

"ዓይንሽስ ለምን ቀላ?" አልኳት።

"እንቅልፍ ነዋ! ሳልተኛ ተነስቼ!"

"ዋሸሽኝ" አልኳት። እውነቴን ነው፣ አላመንኳትም። መርዶ ነጋሪ ሐዘንተኛዋ እንዲህ ስትሆንበት ደንግጦ ነገሩን እንደሚውጠው አውቃለሁ፤ እኔም አድርጌዋለሁ። ቄሱ ቀረብ ብለው "ልጄ፣ ስለ ወንድምሽ የሰማነው ክፉ ነገር የለም፤ ደህና ነው" አሉኝ። ደህና ነው! ያን ቃል እንኳን ከቄስ ከመልአክም አልቀበለውም ነበር።

"ደህና ከሆነ አሳዩኝ!" አልኩ። "በስልክ አይደለም። ስልክ ላይ ድምፁን ማንም ያስመስላል። ፊቱን አሳዩኝ!"

ጋሼ ፈንታሁን ያኔ ከነጠላቸው ሥር የተጠቀለለ ኬብል አወጡ። ሩሲያዊቷ ባሏን አየችው። የሱዛን ባል ወንበሩን በአየር ላይ እንደያዘ ቀረ። በለቅሶ ቤት ገመድ የሚያወጣ ሰው ማን አይቶ ያውቃል!

ሽማግሌው በርከክ ብለው የኔን ቀጭን ነቀሉ፤ የራሳቸውን በግድግዳው ሥር እየገፉ ዘረጉት። ሰኩት። ማሳኹ ጨለማ ነው። "ይኸው!" ብዬ እንደገና ልጀምር ስል "ቆይ፣ ቆይ" አሉኝ። የዚህ ዓይነቱ ኬብል ሁለቱ ጫፎች አንድ አይደሉም፤ አንደኛው ለቴሌቪዥኑ፣ ሌላኛው ምስሉ ለሚነሳበት ነው። ገልብጠው ሰክተውት ኖሯል። "ጩኸትሽ እኮ አዞረኝ" አሉና ነቅለው ቀየሩት። ማሳኹ በራ። ድርግም ይላል ብዬ ጠበቅኩ፤ አላለም።

ዘርፌ ኮምፒውተሩ ላይ የያየህን ስም ፈልጋ ደወለች። ጥሪው በድምፅ ማጉያው ቤቱን ሞላው። ይጠራል፣ ይጠራል፣ ማንም አያነሳም። ዘርፌ ፊቷ ተለወጠ። እሷም መፍራቷን ያኔ አየሁ። "ድገሚው" አሏት ባሏ። ደገመችው። ሱዛን ባሏ ካመጣቸው ወንበሮች በአንዱ ላይ አስቀመጠችኝ።

ያየህ ብቅ አለ። "አክስቴ! ሥራ ብዬ ገጠር ሄጄ፣ እዚያ ደግሞ ኔትወርክ የለም፣ ገና ትናንት ነው የገባሁት—"

"አባትህን!" አልኩት።

ስልኩ ተንገላታ። ጣሪያ አሳየን፣ መስኮት አሳየን። ከዚያ ወንድሜ መጣ፣ ግድግዳውን ሞልቶ። አልጋው ላይ ጋቢ ደርቦ ተቀምጧል። ግንባሩ ላይ ያለችውን የልጅነት ጠባሳ አየኋት። የፊት ጥርሶቹ ወልቀዋል። ስንት ጊዜ "አየሁህ" ብዬዋለሁ፤ ጥርሱ መውለቁን ግን ያኔ ነው ያወቅኩት። እንዴት አርጅቷል ወንድሜ!

"ማንጤ፣ ምን ሆንሽ? ይህ ሁሉ ሰው ምንድነው?" አለኝ።

ዘርፌ ቀድማኝ መለሰችለት፦ "አንተን አልቅሳ ጨርሳ ነዋ!" ነገሩን ከሥሩ ነገረችው።

ወንድሜ ሰምቷት ሲያበቃ "ደረቴ ተሽሎኛል፤ አለሁ" አለ። ቀጥሎም "ለመሆኑ ምን ብለሽ አለቀስሽኝ?" አለኝ።

"ተወኝ፣ ወንድምዓለም።"

"በይ እንጂ! የሰውን ሙሾ ስሰማ ነው ያረጀሁት። የራሱን የሰማ ግን አላየሁም።"

አፈርኩ። ግን እሱ ያለኝን እምቢ ብዬ አላውቅም። ቀስ ብዬ፣ ያለ ዜማ፣ ደገምኩለት። ሱዛን አንድም ቃል አይገባትም፤ እጄን ይዛ ታዳምጣለች። ጫማው ላይ ስደርስ ወንድሜ ድንገት ሳቀ። "ጫማው እኮ ጠቦኝ ነው የሰጠሁሽ!" አለ። ሁላችንም ሳቅን፣ ቄሱም ሳይቀሩ። ሳቃችን ሳያልቅ ወንድሜ የጋቢውን ጫፍ ወደ ዓይኑ ወሰደ።

"ማንጤ" አለኝ። "ይህን ሁሉ ታስታውሺዋለሽ? እኔ እኮ ረስተሽኛል ብዬ ነበር የምኖረው።"

"እኔ ካንተ ሌላ ማን አለኝ?" አልኩት።

እነ ዘርፌ አውቶቡሳቸው አመለጣቸው። እስከ ዛሬ ትወቅሰኛለች። ሰዉ ግን ወዲያው አልተነሳም። ሱዛን እንቁላሉ አይባክን ብላ አደለች። ሩሲያዊቷ ወደ ቤቷ ወጥታ ኬክ ይዛ ወረደች። ቄሱ በአማርኛ ይመርቃሉ፣ ሱዛን ሳይገባት "አሜን" ትላለች። ባለቤቴ ካረፈ ጀምሮ በዚያ ቤት ያን ያህል ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ማንም እንዳይነሳ ብዬ ያለኝን ሁሉ አቀረብኩ፤ ለውዙን፣ ብስኩቱን፣ ለሰንበት ያስቀመጥኩትንም። ግን ሰው ይሄዳል። አንድ በአንድ "ኮል ቶቭ"፣ ደህና ሁኚ እያሉ ወጡ። የሱዛን ባል ወንበሮቹን ይዞ ሄደ። በሩ ተዘጋ።

ማታ ልጄ ደወለች። ነገርኳት። ሳቀች፣ ሳቀች፣ አላቆም አለች። ከዚያ "እንግዲህ ኬብሉ ተስተካክሏል፤ ለሐኑካ መምጣት አያስፈልገኝማ!" አለችኝ። የቀልዷን ነው ያለችው መሰለኝ። አልመጣችም።

ወንድሜ አሁን ደህና ነው። በየሳምንቱ ግድግዳዬ ላይ አየዋለሁ፤ ጥርት ብሎ ይታየኛል። "ያን ሙሾ ድገሚልኝ" እያለ ያሾፍብኛል። ሱዛን ደረጃ ላይ ስታገኘኝ "ወንድምሽ እንዴት ነው?" ትለኛለች። ግቢ ስላት "ሌላ ጊዜ፣ ቸኩያለሁ" ትላለች። ክፋት የላትም፤ ሰው ሥራ አለው።

የሚከብደኝ ሰንበት ነው። በሰንበት ስልክ አልነካም፣ ማሳኹንም አልከፍትም። ከሰዓት በኋላ ሕንፃው ጭር ይላል። ያኔ ያቺ ጠዋት ትመጣብኛለች፤ በሮች ሁሉ ሲከፈቱ፣ ያ ሁሉ ሰው እኔን ብሎ ሲሮጥ። መጀመሪያ ላይ ለመናገር ይከብደኛል ያልኩት ይኸን ነው፦ አንዳንዴ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ "ወንድሜ!" ብዬ ጮክ ብዬ ላልቅስ እንዴ ይለኛል። አፌን ልከፍት ስል ወንድሜን አስበዋለሁ፤ ዝም እላለሁ።